ቻለውን ያሳከከው ምን ነበር?

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

«እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሣም» ይላሉ አባቶቻችን ሲተርቱ። ተረቱ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጥፍር ማሳከክን ለጊዜው ያስታግሣል እንጂ ያሳከከውን ነገር ለይቶ አያወጣም። እኔ ይህን ቁም ነገር የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከቤታችን ውሻ ነው። ትምህርቱም ያለ ዋጋ አልተገኘም፤ ዋጋውን የከፈለው ግን እኔ ሳልሆን ያ ምስኪን እንስሳ ነው።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ተማሪዎች ጽሑፍ እንዲያቀርቡ በጠየቁ ጊዜ፣ ጓደኞቼ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ወላጆች ውለታና ስለ ሀገር ታሪክ ለመጻፍ ተሽቀዳደሙ። እኔ «ስለ ውሻ እከክ እጽፋለሁ» ብል ሁሉም ሳቁብኝ። መሳቃቸው አላስቀየመኝም። ይሁን እንጂ ጽሑፌን እስከ መጨረሻ የሚያነብልኝ ሰው፣ ነገሩ የውሻ ብቻ አለመሆኑን ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

የምንኖረው በቢሾፍቱ ከተማ ነው። ውሻችን ቻለው ይባላል። ስሙን ያወጣችለት አያቴ ናት። በቀድሞ ጊዜ ሰው ለውሻው ስም ሲያወጣ ለጎረቤቱ መልእክት ያስተላልፍበት እንደ ነበረ ከእርስዋ ሰምቻለሁ፤ ነገር ግን የቻለው ስም ለማን እንደ ተላከ ስትጠየቅ ፈገግ ከማለት በቀር መልስ አትሰጥም። ቻለው ቡናማ ቀለም ያለው፣ ጆሮው የቆመ፣ ተራ የሀገራችን ውሻ ነው። አባቴ የእህል ነጋዴ ስለ ሆነ ጆንያ የሚቀመጥበትን ዕቃ ቤት አራት ዓመት ሙሉ በታማኝነት ጠብቋል። የሦስት ዓመት ልጅ የሆነችው ታናሽ እኅቴም መራመድን የተማረችው የእርሱን ጀርባ እየያዘች ነው።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር መጨረሻ ቻለው ራሱን ያክ ጀመር። መጀመሪያ ማንም ልብ አላለውም፤ ውሻ ሲያክ ማየት አዲስ ነገር አይደለምና። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ማከኩ እንቅልፍ ነሣው። ሌሊት ተኝተን ሳለን እግሩ የዕቃ ቤቱን በር ሲመታ ይሰማን ነበር። ወደ ኋላው ዞሮ የጅራቱን ሥር በጥርሱ ይነክሳል፤ ፀጉሩ ከወገቡ በታች እየሳሳ ሄደ፤ ቆዳውም ቀላ። ምግብ ቀርቦለት እንኳ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይተውና ማከኩን ይቀጥላል።

በኅዳር መጀመሪያ ደግሞ በታናሽ እኅቴ እግር ላይ ቀያይ ሽፍታ ወጣ። እናቴ ደነገጠች። ጎረቤቶችም ለቡና ሲሰበሰቡ አንዱ «ይህማ የውሻው እከክ ነው» አለ፤ ሌላይቱ «እከክ በእስትንፋስም ይጋባል» አለች፤ ሦስተኛው «እንዲህ ያለ ውሻ ልጅ ካለበት ቤት አይኖርም» ሲል ፈረደ። አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም። ዳሩ ግን የልጁን እግር አይቶ፣ «እስከ ኅዳር ጽዮን ካልዳነ ከከተማ ውጭ ወስጄ እለቀዋለሁ፤ ከልጄ የሚበልጥብኝ ውሻ የለም» አለ። እርሱን ለመቃወም የሚደፍር አልነበረም፤ ፍርዱም ከአባትነት የመጣ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን።

እኔ ግን ውሻውን ለማዳን ቆረጥሁ። እንዴት እንደማድነው ግን አላውቅም ነበር። በሰፈራችን የታወቀው መድኃኒት ከጋራዥ የሚገኝ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ነው። «እከክ ያለበትን ውሻ በእርሱ ብትለቀልቀው በሳምንት ይድናል» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ማንንም ሳላማክር፣ በጣሳ ዘይት ለምኜ አመጣሁና ቻለውን ከወገቡ እስከ ጅራቱ በጨርቅ ለቀለቅሁት። እርሱም እንደ ስሙ ቻለው። ቆዳው የተላጠበት ቦታ ላይ ዘይቱ ሲነካው ተንቀጠቀጠ እንጂ አልነከሰኝም፤ ከእጄም አልሸሸም። በእኔ ያምን ስለ ነበር ነው።

በዚያች ሌሊት ቻለው የተቀባውን ዘይት ሲልስ አደረ። ሲነጋ በዕቃ ቤቱ ደጃፍ አስታውኮ አገኘሁት። ቆዳው ተቆጥቶ ውሃ ቋጥሯል፤ ዓይኑን ከፍቶ ያየኛል፤ ጅራቱን ግን አልነቀነቀም። ያን ጊዜ ያደረብኝን ኀዘን በቃል ለመግለጽ አልችልም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው ተረት ትዝ አለኝ፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን መልሼ ለመልቀም የምችል አልመሰለኝም።

በሰፈራችን ረጅም ዘመን በእንስሳት ጤና ሥራ ያገለገሉና ዛሬ በጡረታ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ቤተ ክርስቲያን ሳይሄዱ ልድረስባቸው ብዬ ሮጥሁ።

«ጋሼ፣ ውሻችን ታሟል። ቢያዩልኝ?» አልኋቸው።

«ምን ሆነ ልጄ?»

«እከክ ይዞታል።»

ጋሼም ቀና ብለው አዩኝና፣ «እከክ መሆኑን ማን ነገረህ?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ አጣሁ። ጎረቤቶች ነግረውኛል እንዳልል አፈርሁ።

ሳይውሉ ሳያድሩ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከተሉኝ። ቻለውን ገና ሲያዩት አራት ጥያቄ ጠየቁኝ። እነዚህን ጥያቄዎች እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም፤ አንባብያንም እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ፣ «አብዝቶ የሚያከው የትኛውን የሰውነቱን ክፍል ነው?» አሉኝ። ሁለተኛ፣ «ማከክ ከመጀመሩ በፊት በኑሮው ምን ተለወጠ?» ሦስተኛ፣ «በቤቱ ውስጥ ከእርሱ ሌላ የሚያሳክከው ሰው ወይም እንስሳ አለ?» አራተኛውም፣ «እስካሁን ምን ተደረገለት?» የሚል ነበር። በአራተኛው ጥያቄ ላይ አንገቴን ደፋሁ። እውነቱን ግን አልሸሸግሁም፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላልና።

ጋሼ አልተቆጡኝም። ይልቁንም ቶሎ ለብ ያለ ውሃና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አስመጥተው፣ ዘይቱን በየዋህ እጅ ሦስት ጊዜ አሳጠቡኝ። እንደገና እንዳይልስም አንገቱ ላይ ከካርቶን የተሠራ ሰፊ ቀለበት አደረግንለት። የሞተር ዘይት ቆዳን እንደሚያቃጥልና ሲላስ ሆድን እንደሚመርዝ ነገሩኝ። ዘይት የላሰ እንስሳ በግድ እንዲያስታውክ ማድረግም አደጋ ነው፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና። ቀጥለውም ከቁጣ የባሰ አንድ ቃል ተናገሩኝ። «ልጄ፣ ዘይቱ በሽታውን አላጠፋልህም፤ ያጠፋብህ ማስረጃውን ነው። አሁን በቆዳው ላይ የማየው የበሽታው ይሁን ያንተ እንዴት አድርጌ ልለይ?»

በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ሐኪሙም የተቃጠለውን ቆዳ አከመለት፤ ከቆዳው ላይ በስለት ጠርዝ ጥቂት ፍቆ በማጉያ መሣሪያ ቢመለከት የእከክ ተባይ አላገኘም። እኔም ደስ ብሎኝ «እንግዲያው እከክ አይደለም ማለት ነው» አልሁ። ጋሼ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። የእከክ ተባይ በቆዳ ውስጥ ቦይ ቆፍሮ የሚኖር፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ጥቂት ስለሚሆን ቆዳው ተፍቆ ሲታይ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ከተገኘ እርግጥ ነው፤ አለመገኘቱ ግን የለም ለማለት አያበቃም። ስለዚህ ሌላ ምልክት መፈለግ ነበረብን።

ጋሼ የቻለውን የጆሮ ጠርዝ በሁለት ጣቶቻቸው መካከል አድርገው አሹት። እከክ ያለበት ውሻ ጆሮው እንዲህ ሲታሽ ብዙውን ጊዜ የኋላ እግሩን አንሥቶ አየር ያካል። ቻለው ግን ዝም አለ። የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና ቁርጭምጭሚቱ እከክ የሚወድዳቸው ስፍራዎች ሲሆኑ፣ በእርሱ ላይ ሁሉም ንጹሕ ነበሩ። የተጎዳው ወገቡ፣ የጅራቱ ሥርና የጭኑ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያም ታናሽ እኅቴን አስጠርተው ተመለከቷት። «ይህች ልጅ ውሻውን የምታቅፈው በምኗ ነው?» አሉኝ። «በእጅዋ» አልሁ። «ሽፍታው ግን ያለው ከጉልበትዋ በታች ነው። የውሻ እከክ ቢሆን ኖሮ ባቀፈችበት በክንድዋና በሆድዋ ላይ በወጣ ነበር። ከመሬት ዘልሎ እግር የሚነክስ ምን ይመስልሃል?»

ቁንጫ መሆኑን ያን ጊዜ ጠረጠርሁ።

ጥርጣሬ ግን ማስረጃ አይደለም። ጋሼ ወደ ሁለተኛው ጥያቄያቸው መለሱኝ። በቻለው ኑሮ የተለወጠ ነገር ነበረን? አሰብሁ። ክረምቱ ሲበረታ የውሻው ጎጆ ያፈስስ ስለ ነበር፣ በነሐሴ ወር ወደ ዕቃ ቤቱ አግብተነው በአሮጌ ጆንያ ላይ ይተኛ ጀመር። በመስከረም ደግሞ ድመታችን በዚያው ዕቃ ቤት ጥግ፣ በጆንያዎቹ መካከል ወለደች። ይህንን ስናገር ጋሼ ሳቅ አሉና፣ «ነጭ ሶፍትና ውሃ ይዘህ ና» አሉኝ።

በዕቃ ቤቱ ውስጥ የሆነውን በተለይ ልጽፈው እወዳለሁ፤ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ፈተና ነውና። ቻለው ከሚተኛበት ጆንያ ላይ ጥቁር በርበሬ የተፈጨ የሚመስል ጉድፍ በጣታቸው ሰብስበው በረጠበው ነጭ ወረቀት ላይ አደረጉት። ተራ አፈር ቢሆን እንደ ጠቆረ ይቀራል። ያ ጉድፍ ግን ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው እንደ ዝገት ቀላ። የቀላበት ምክንያት ጉድፉ የቁንጫ ኩስ ስለ ሆነ ነው፤ የቁንጫ ኩስ የደረቀ ደም ነው። ከዚያም የድመቲቱን ጀርባ በቅማል ማበጠሪያ ብናበጥር ከዚያው ጉድፍ ጋር ሁለት ቁንጫዎች ወጡ። ድመቲቱ አንድም ቀን ስታክ አይተናት አናውቅም ነበር።

«ታዲያ እርስዋ ሳታክ ቻለው ለምን እንዲህ ተሠቃየ?» ስል ጠየቅሁ። ጋሼም ሲመልሱ፣ አንዳንድ ውሻ ሰውነቱ የቁንጫን ምራቅ አይቀበልም፤ እንዲህ ያለው ውሻ ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢነከስ እንኳ ለብዙ ቀን ያሳክከዋል፤ በሌላው ላይ ግን ብዙ ቁንጫ ኖሮ ምልክቱ ላይታይ ይችላል አሉኝ። በውሻ ላይ አብዝቶ የሚገኘውም ቁንጫ የድመት ቁንጫ ተብሎ የሚጠራው ነው። ስለዚህ በደለኛው ቻለው አልነበረም። ድመቲቱም አልነበረችም።

በደለኛው ማን እንደ ነበረ ለመናገር ጊዜው አሁን ነው። ዕቃ ቤቱን በየሳምንቱ መጥረግና ጆንያዎቹን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት በቤታችን የእኔ ሥራ ነበር። ከክረምቱ ጀምሮ አንድም ቀን አልሠራሁትም። አባቴ ሲጠይቀኝ «ጠርጌያለሁ» እለው ነበር። በመጨረሻ ያገኘነው ምክንያት የተኛው እኔ ባልሠራሁት ሥራ ላይ ነው።

ማታ አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ሁሉንም ነገርሁት፤ ስለ ዘይቱም ስለ ዕቃ ቤቱም ምንም አላስቀረሁም። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ቀጥሎም፣ «እንግዲያው እስከ ገና ጊዜ ሰጥቻችኋለሁ» አለ። «ሰጥቻችኋለሁ» ማለቱ እኔንና ውሻውን አንድ ላይ መቁጠሩ ነበር።

የቁንጫ መድኃኒት የሚሰጠው በክብደት ልክ ስለ ሆነ በማግሥቱ ቻለውን ወደ ሱቅ ወሰድሁት። በእህል ሚዛን ላይ ያቆመው ራሱ አባቴ ነው፤ 18 ኪሎ ሆነ። ለድመቲቱ ከሐኪሙ የተሰጠን መድኃኒት ግን ሌላ ነበር። ይህንን ጥንቃቄ አንባብያን ሁሉ እንዲያውቁት ያስፈልጋል፤ ለውሻ የሚሸጥ ፐርሜትሪን የተባለው ንጥረ ነገር ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላል። አሮጌዎቹን ጆንያዎች አቃጠልን፤ የቀሩትን በፈላ ውሃ አጠብን፤ ወለሉን ጠርገን ጥጋጥጉን ሁሉ መድኃኒት ረጨን። ለሳምንት ያህል ቻለው እንደ ልቡ ተኛ። እኔም ድል ያደረግሁ መስሎኝ ለጓደኞቼ ተኩራርቼ ነገርሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ቁንጫው ተመለሰ። ቻለው እንደገና ማከክ ጀመረ፤ በእኅቴም እግር ላይ ሁለት አዳዲስ ነጠብጣቦች ታዩ። ጎረቤቶችም «አላልንም?» አሉ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ወደ ጋሼ ሄድሁና መድኃኒቱ እንዲለወጥ ለመንኋቸው። እርሳቸው ግን ያላሰብሁትን ነገር አስረዱኝ። በእንስሳው ላይ የሚታየው ቁንጫ ከጠቅላላው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ብዙው በእንቁላልና በትል መልክ በመኝታውና በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ይገኛል። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ልትጥል ትችላለች፤ እንቁላሉም ከፀጉር ላይ እየተንሸራተተ መሬት ይወርዳል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል አድጎ በዙሪያው ድር ይፈትልና በዚያ ውስጥ ይሸሸጋል። በዚህ መሸሸጊያ ሳለ የምንረጨው መድኃኒት በደንብ አይደርሰውም፤ ወራት ሊቆይና የእንስሳ ሙቀትና እንቅስቃሴ ሲሰማው ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ የተመለሰው አዲስ ቁንጫ ሳይሆን ተሸሽጎ የነበረው ነው። «መድኃኒቱን አትለውጥ፤ በየወሩ ሳታቋርጥ ስጠው፤ ዕቃ ቤቱንም በየቀኑ ጥረግ። ምክንያቱን ካገኘህ በኋላ የሚቀርህ ጽናት ነው» አሉኝ።

እኔም በየቀኑ ጠረግሁ። ማልጄ ከትምህርት ቤት በፊት እጠርጋለሁ፤ ጠረጋውንም ከግቢ አውጥቼ አቃጥላለሁ። የገና በዓል ደረሰ። ቻለው አልፎ አልፎ ያክ ነበር፤ አባቴ ግን ስለ ሰጠን ቀጠሮ አንዲት ቃል አላነሣም። ለጥምቀት ነጭ ልብስ ለብሰን ስንወጣ ቻለው በደጃፉ ተዘርግቶ ተኝቶ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የበሩን መመታት እንዳልሰማን ያን ጊዜ አስተዋልሁ። የእኅቴም እግር ጠራ።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የበለጠ ለማወቅ ጓጉቼ ጋሼንና የሥነ ሕይወት መምህራችንን ደጋግሜ ጠየቅሁ። የተረዳሁት ዋና ነገር ውሻን የሚያሳክከው ምክንያት አንድ አለመሆኑን ነው። እከክ ከውሻ ወደ ውሻ በቶሎ ይጋባል፤ ሰውንም ለጊዜው ያሳክካል፤ ስለዚህ ሲገኝ አብረው የሚውሉት ውሾች ሁሉ ይታከማሉ። በፀጉር ሥር የሚኖር ሌላ ተባይ ደግሞ አለ፤ እርሱ ከእናት ወደ ቡችላ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይተላለፋል፤ ፀጉርን ያረግፋል እንጂ ቍስሉ ካልመረቀዘ በቀር እምብዛም አያሳክክም፤ ወደ ሰውም አይጋባም። ጆሮውን ብቻ የሚያክና ራሱን የሚያራግፍ ውሻ የጆሮ ተባይ ወይም የጆሮ ቍስል ሊኖርበት ይችላል። ቆዳው ወዝቶ ክፉ ሽታ ካመጣ እርሾ መሰል ፈንገስ ያስጠረጥራል። መዳፉን ዘወትር የሚልስና ፊቱን፣ ብብቱንና ሆዱን የሚያክ ውሻ፣ በተለይ ነገሩ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት ባለው ዕድሜው የጀመረው እንደ ሆነ፣ ሰውነቱ በአቧራ ወይም በአበባ ብናኝ የሚቆጣ ሊሆን ይችላል። ምግብም የሚያሳክክበት ጊዜ አለ፤ ይህ የሚታወቀው ውሻው ከዚህ ቀደም በልቶት የማያውቀውን ምግብ ብቻ ለስምንት ሳምንት ያህል እየተመገበ ሲታይ፣ ከዚያም የቀድሞው ምግብ ተመልሶ ሲሰጠው ነው። እንግዲህ ለእነዚህ ሁሉ አንድ ጣሳ የተቃጠለ ዘይት እንዴት መድኃኒት ሊሆን ይችላል?

መምህራችንም ስለ ሰው እከክ አንድ ታሪክ አጫወቱን። በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ ሊቃውንት እከክ የሚመጣው ከደም መበላሸት ነው ብለው ያስተምሩ ነበር። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1687 ጆቫኒ ኮዚሞ ቦኖሞ የተባለ የኢጣልያ ሐኪም፣ ዲያቺንቶ ቼስቶኒ ከተባለ መድኃኒት ቀማሚ ጋር ሆኖ፣ ድኆች ሴቶች ከልጆቻቸው ቆዳ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዳች ደቂቅ ነገር ሲያወጡ ልብ ብሎ፣ ያንን ነገር በማጉያ መነጽር ተመለከተው። ያየው ሕይወት ያለው ተባይ ነበር፤ ሥዕሉንም አስሎ በደብዳቤ ለሊቁ ለፍራንቼስኮ ሬዲ ላከለት። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን አልተቀበሉትም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ተወላጅ የሕክምና ተማሪ፣ በሀገሩ ሴቶች ሲያደርጉ ያየውን ዘዴ ይዞ በፓሪስ ሐኪሞች ፊት ተባዩን በመርፌ አወጣው። ነገሩም ያን ጊዜ ታመነ። ይህን ታሪክ ስሰማ በሁለት ነገር ተደነቅሁ። አንደኛው፣ እነዚያ እናቶች ሊቃውንቱ ያላዩትን ያዩት ቀርበው ስለ ተመለከቱ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ከጎረቤት የሚሰማ ሁሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው። የእነዚያ ሴቶች ወሬ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ ሰፈር የዘይት ወሬ ግን ውሻዬን ሊገድለው ነበር። ሁለቱን የሚለያቸው ተናጋሪው ሳይሆን በዓይን ታይቶ መመርመሩ ነው።

ዛሬ ቻለው ጤነኛ ነው። ነገር ግን ከወገቡ በላይ የአንድ እጅ መዳፍ የሚያህል ፀጉር ያልበቀለበት ቦታ አለ። እንግዳ ሰው ሲያየው «ይህ የእከኩ ጠባሳ ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። እኔም «አይደለም፤ የእኔ ጠባሳ ነው» እላለሁ። ቁንጫው ያረገፈው ፀጉር ሁሉ ተመልሶ በቅሏል፤ ያልበቀለው በዘይት ያቃጠልሁት ብቻ ነው።

ውድ ጓደኞቼ፤ እኛ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያሳክከን ነገር አለ። ፈተና ሲከብደን መምህሩን፣ ከጓደኛ ስንጣላ ጓደኛውን፣ ቤት ውስጥ ሰላም ሲጠፋ ታናናሾቻችንን እንወቅሳለን፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዘይት ይዘን እንሮጣለን። ከመሮጣችን በፊት የጋሼን አራት ጥያቄዎች ብንጠይቅ ምንኛ መልካም በሆነ። የት ያሳክካል? ምን ተለወጠ? ሌላስ ማን ያሳክከዋል? እኛስ እስካሁን ምን አደረግን? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይከብዳል፤ እኔ እንደ ደረሰብኝ መልሱ ወደ ራስ ዕቃ ቤት ሊመራ ይችላልና።

ወላጆችና መምህራን ሆይ፤ እናንተንም አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ልጅ ስሕተቱን ይዞ በማለዳ ደጃችሁን ሲያንኳኳ፣ እንደ ጋሼ ከቁጣው በፊት ለብ ያለውን ውሃ አቅርቡለት። በዚያች እሑድ ጋሼ ቢቆጡኝ ኖሮ ስለ ዘይቱ እውነቱን አልነግራቸውም ነበር፤ ቻለውም ዛሬ በሕይወት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ከውጭ የመጥረጊያ ድምፅ እሰማለሁ። ታናሽ እኅቴ ከቁመትዋ የሚረዝም መጥረጊያ ይዛ የዕቃ ቤቱን ደጃፍ ትጠርጋለች፤ ቻለውም ከጎንዋ ተቀምጦ ያያታል። ተራው ግን የእኔ ስለ ሆነ ብዕሬን አስቀምጬ እሄዳለሁ። ለከርሞ በሰላም ያገናኘን።